የታረቁት ተጫራቾች

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፤ ጧት 3 ሰዓት

የማኅተም ቀለም አልቋል። ከግምጃ ቤት እስኪመጣ ካንቺ ጋር ልጫወት፣ ደብተሬ። ባለቤቴ ሙሉ «ከእኔ ይልቅ ለደብተሩ ያወራል» እያለች ታማኛለች። እውነቷን ነው። አንቺ መልስ አትሰጪም።

ጌታቸው ዛሬም አቤቱታ አስገባ። በሾላ ገደል ጤና ጣቢያ ጨረታ ላይ። ባለፈው ዙር እሱ አሸንፎ ሐሰን አቤት አለ። ተሰረዘ። አሁን ሐሰን አሸነፈ፣ እሱ አቤት አለ። ሕጉ አቤቱታ ሳይመረመር ውል አይታሰርም ይላል። ምርመራ እዚህ አገር የሚያልቀው በጀት ሲያልቅ ነው።

ሁለቱም የመካነ ሰላም ተቋራጮች ናቸው። ዱሮ አንድ ላይ ይሠሩ ነበር። በጋራ የሲሚንቶ ማቡኪያ ማሽን ገዙ። ማን ግቢ ይደር በሚል ተኳረፉ። ማሽኑ በሦስተኛ ሰው ግቢ ዝጎ ቆሟል፣ ዶሮ ይፈለፈልበታል። እነሱ ግን ኩርፊያቸውን ወደ እኛ የወረዳ ጽ/ቤት አዛወሩት።

እኔ ደግሞ የጽ/ቤቱ ብቸኛ የግንባታ ባለሙያ። ግምት የማወጣ እኔ። የጨረታ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ። ሥራው ሲጀመር ሜትር ይዤ የምቆም እኔ። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ሥራ ይቀላል ተብሎ ነበር። ወንበሬን አዞሩልኝ፤ ሌላ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ

ኃላፊያችን ወ/ሮ ዘነበች ጠሩኝ። ጨረታው እንደገና ይሰረዝ፣ እንደገና ይውጣ አሉ። ውሉ እስከ ሰኔ 30 ካልታሰረ በጀቱ ተመላሽ ነው። የዘንድሮ ካልሆነ የከርሞም ላይሆን ይችላል። ሾላ ገደል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ቀበሌ ነው፤ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ዳገቱን ትወጣለች። ወ/ሮ ዘነበች ይህን አልረሱም። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ በልልኝ፣ አለዚያ ግንባታ አይኖረንም አሉኝ።

እንዴት አንድ እንደማደርጋቸው አልነገሩኝም። እኔ ግን ሼህ ይማም ትዝ አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ሼህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ሰው በደም ተፈላልጎ እንኳ እሳቸው ደጅ ላይ አፉ ይባባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ፤ ማሽኑን፣ አቤቱታውን፣ ጤና ጣቢያውን።

ደስ አላቸው። እስካሁን ለምን ሳትነግረኝ ቆየህ ብለው ተቆጡኝ። በዕለተ እሑድ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ አሉ። አብሽር አሉኝ። ቀልሎኝ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፤ ሆሣዕና

ጧት ቤ/ክ። ዘንባባውን በጣቴ ላይ እንዳሰርኩ ከሰዓት ሼህ ይማም ግቢ።

ታረቁ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ የሐሰንን ጉልበት ሊስም ሲል ሐሰን ቀድሞ አነሣው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም፣ ላንቺ አልደብቅሽም፣ ዓይኔን ጠረግሁ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። ለእስላሞቹ ሥጋ፣ ለእኛ ለጾመኞቹ ሽሮ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱ ጋር ለብቻ የሚነጋገሩት ቀርቷቸው ስለነበር እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

ምን ቀርቷቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማሽኑ ነው ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ፋሲካው አለፈ። ዛሬ የጨረታው ማስታወቂያ እንደገና ወጣ። ሰሌዳ ላይ ስለጥፍ ሐሰንና ጌታቸው አብረው ቆመው አነበቡት። አንዱ ሲያነብ አንዱ ያዳምጣል። ዶሮዎቹን አባረው ማሽኑን አውጥተው ዘይት አጠጥተውታል አሉ።

ወ/ሮ ዘነበች አመሰገኑኝ። እሳቸው ምስጋና የሚወጣቸው እንደ ጥርስ ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ከየት ልጀምር።

4 ሰዓት። የጨረታ መክፈቻ። ሐሰንና ጌታቸው በአንድ ባጃጅ መጡ። ሦስተኛው ተጫራች ከወግዲ የመጣ ሰውዬ ነው፤ እሱም ከእነሱ ጋር ሲሳሳቅ ነበር። ሼህ ይማም ራሳቸው መጥተዋል። ከመከፈቱ በፊት ትንሽ ዱዓ ላድርግ አሉ። ማን እምቢ ይላል። ኮሚቴው በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ እኔም ቃለ ጉባኤውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አሚን አልኩ።

ፖስታዎቹን ከፈትኩ። ዋጋ አነበብኩ። የሐሰን ከግምቴ በሲሶ ይበልጣል። የጌታቸው ከሐሰን ከፍ ይላል። የወግዲው ከጌታቸው ከፍ ይላል። እንደ ደረጃ የተሠራ።

ባለፈው ዙር ሐሰን ለዚያው ሥራ ከግምቴ በታች ነበር የሰጠው። ምን ተለወጠ ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰው ጌታቸው ነው። ሳይደብቅ፣ ሳያፍር፣ በሁሉም ፊት፦

«አቶ ታደሰ፣ አባቶች ፈርደው ጨርሰውታል። የሐሰን እህት ከጅዳ ባዶ እጇን ተመልሳበታለች። ስለዚህ ይኼ ለእሱ ይሁን፣ የመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ለእኔ፣ የወግዲው ወንድማችን ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ይያዝ ተባባልን። ከእንግዲህ አቤቱታ አይመጣባችሁም፣ ወላሂ።»

ክርስቲያኑ ጌታቸው ነው ወላሂ ያለው። ሼህ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮርተዋል። ሐሰን አንገቱን ደፋ፤ እሱ ትንሽ የገባው ይመስለኛል። ወ/ሮ ዘነበች እኔን አዩኝ። ተጫራች ተመካከረ ሲባል የማውቀው በጨለማ፣ በሹክሹክታ የሚሠራውን ነው። ይኼኛው በአደባባይ፣ በዱዓ፣ እኔው ራሴ ሄጄ ጠይቄ የመጣ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሦስት ተጫራች ቢያብር ደግሞ ወረዳ ያስራል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ቀኑን ሙሉ ግምቴን ፈተሽኩ። እኔ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ሲሚንቶ ተወዷል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን በዛሬው ዋጋ ነው ያስገባሁት። ቆርቆሮው ከደሴ። ድንጋዩ ከዚያው። የአሸዋው ማመላለሻ ላይ ጎድሎብኛል፣ ጨመርኩ። ቢጨመርም ሲሶ አይሞላም። ሩቡም አይሞላም።

ኮሚቴው ተቀመጠ። ወ/ሮ ዘነበች መውጫ አግኝተዋል። ማዋለጃ ክፍሉን እንቀንስና ዋጋው በበጀቱ ልክ ይሆናል አሉ። የካርድ ክፍል፣ የመርፌ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት ይቅደም። ማዋለጃው ለከርሞ ይጠና። እርቁም አይፈርስም፣ በጀቱም አይመለስም፣ በግምገማም ማንም ኪራይ ሰብሳቢ አይባል።

ክፉ ሰው አይደሉም። ደክሟቸዋል። ሁሉም ተስማማ። እኔ ዝም አልኩ፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ መጻፌ ዝምታዬን ሸፈነልኝ። የቃለ ጉባኤው ፊርማ ለሰኞ ተቀጠረ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ከሾላ ገደል አንዲት ሴት መጣች። ዘሃራ ትባላለች። ቀበሌው ወክሏት ሌሊት ተነሥታ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ። ሥራ ሊጀመር ነው ሲባል ሰምተው ቦታውን ደልድለው ጨርሰዋል። የመጣችው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

የማዋለጃው በር ወደ ገበያው መንገድ እንዳይዞር። ሴቶቹ መክረውበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ሰው ይጎርፋል፤ የምታምጥ ሴት ድምፅዋ ወደዚያ መውጣቱን አይፈልጉም። ወደ ጓሮው፣ ወደ ዛፎቹ ቢዞር ይሻላል አለች። ከተቻለ፣ ካላስቸገርናችሁ እያለች።

ንድፉን አወጣሁ። በሩ የት እንደሆነ አሳየኋት። ወደ ገበያው ነበር። እርሳስ አንሥቼ በሩን ወደ ጓሮው አዞርኩላት። አመስግናኝ፣ መርቃኝ ሄደች። በሩን አዞርኩላት እንጂ ክፍሉ ከሰኞ በኋላ እንደማይኖር አልነገርኳትም። አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ከጁምዓ በኋላ ሼህ ይማም ዘንድ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ግቢያቸው ዋንዛ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው። እጅ ነሣሁ። እርቁ ዋጋ አስወደደብን አልኳቸው። አልገባቸውም። እንደገና አስረዳሁ። ከዚያ የተነጋገርነውን ላስቀምጥልሽ፣ ይኼስ መጠበቅ አለበት።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ኸይር ነው የሠራነ። ሰው ተጣልቶ ሲናጠቅ ዝም ያለ መንግሥት፣ ታርቆ ሲካፈል ነው ሐራም የሚለው?»

«የራሳቸውን ቢካፈሉ ምን አገባኝ፣ ሼሁ። የተካፈሉት የሾላ ገደልን ነው። ለሐሰን በተጨመረለት ልክ የሴቶቹ ክፍል ይቀራል።»

መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። እዚያ ያሉት ሴቶች ሽማግሌ ላይ አልተቀመጡም አልኩ፤ ይኼን ማለት አልነበረብኝም መሰለኝ፣ ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«የምታደርገውን አድርግ። አልከለክልህም። ግን እርቁ ሲፈርስ እኔን አትጥራኝ።»

ከጠቡ በላይ ያስፈራኝ ይኼ ነው። እዚህ አገር ሼህ ይማም ያዘኑበት ሰው ለቅሶውም ሠርጉም ይቀዘቅዝበታል።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ፈረምኩ። ግን በተቃውሞ። ተጫራቾች ተመካክረው ዋጋ እንዳወጡ በራሳቸው አንደበት፣ በኮሚቴው ፊት ተናግረዋል፤ ስለዚህ ጨረታው ይሰረዝ፣ ማዋለጃ ክፍሉ አይነካ ብዬ ከነስሜ አሰፈርኩ። የሌሎቹ ብዕር ቆመ። ከዚያ አንዱ የእኔንም ጨምር አለ። ቀጥሎ ሌላው።

ወ/ሮ ዘነበች ረጅም ጊዜ አነበቡት። የሚቀርበው ዋጋ ካልቀነሰና በጀቱ ከተመለሰ በግምገማ የምትቆመው አንተ ነህ አሉ። አዎ አልኩ። እሳቸውም ፈረሙ። ማስታወቂያው በአጭር ቀን እንዲወጣ፤ ደሴም፣ ደጎሎም፣ ወግዲም፣ ማሻም እንዲለጠፍ። ከሩቅ ሰው ይምጣ።

11 ሰዓት ላይ ሐሰን ቢሮ ገባ። አልተቀመጠም። ያስታረቅኸንም አንተ፣ ያፈረስኸውም አንተ አለኝ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። እህቱ እቤቱ ቁጭ ብላ እንደምትውል አውቃለሁ። ለእሷ የሚሆን ገንዘብ የመንግሥት ካዝና ውስጥ አልተቀመጠም ልለው ፈልጌ ነበር። ሳልለው ወጣ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ገበያ። ሐሰንና ጌታቸው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘዋል። ሰላም አልኩ። ሁለቱም እኩል ወደ አስፋልቱ ዞሩ። አንድ ላይ፣ እንደ ወታደር። ሰላምታ ነፍጋችሁኝ ልትገድሉኝ ነው ወይ ልል አስቤ ዋጥኩት።

ቤት ገብቼ ለሙሉ ነገርኳት። አልታረቁም ብለህ ስትጨነቅ ነበር፣ ይኸው ታርቀዋል አለችኝ። ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ከፋኝ። ከሐሰን ጋር አብረን ነው ያደግነው፣ አንድ ቅሬ፣ አንድ ዕድር ነን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የሐሰን አጎት ዐረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ሐሰን ራሱ ወንበር አምጥቶ ሰጠኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ጎኔ ግን አልተቀመጠም። ቃል ሳንለዋወጥ ተቀምጬ ተነሣሁ። ወንበሩን ማምጣቱ ግን ልቤን ነካው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፤ ከሰዓት በኋላ

መክፈቻ። ዱዓ የለም። ሼህ ይማም አልመጡም። ፖስታው ግን በዝቷል፤ አንድ የደጎሎ ተቋራጭ ከደሴ ጓደኛውን ይዞ መጥቷል።

አንድ በአንድ አነበብኩ። ደጎሎው ከግምቴ ትንሽ ከፍ። የደሴው ከዚያ ከፍ። የወግዲው አልገባም። ጌታቸው ከግምቴ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐሰን ከግምቴ በታች፣ ከሁሉም ያነሰ። ማዋለጃውን ጨምሮ ሁሉም ክፍል ሙሉ።

ዋጋውን ጮክ ብዬ ሳነብ ድምፄ ተሰበረ። ወ/ሮ ዘነበች ውኃ አቀበሉኝ። ሙቀት ነው አልኩ።

ወደ ጌታቸው ዞር አልኩ። አሁን ብድግ ይላል፣ አሁን አቤት ይላል ብዬ። እሱ የሐሰንን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ምን ያህል ከልባቸው እንደተወዳደሩ አላውቅም፤ ዋጋቸውን ለየብቻ እንደሠሩት ግን ከቁጥሮቹ ይታያል። ሥራ ፈላጊ የሆነ ሰው ከደጎሎ መጥቶ በር ላይ ሲቆም ዝምድና ወደ ኋላ ይላል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

የአቤቱታ ጊዜው አለቀ። አንድም አልመጣም። ዛሬ ውል ተፈረመ። ሐሰን ለወ/ሮ ዘነበች እየተናገረ ነው የፈረመው። እስክሪብቶ ሲፈልግ እንኳ ከእኔ ጠረጴዛ አላነሣም፣ በእሳቸው በኩል አስጠየቀ። እሳቸውም ከእኔ ተቀብለው ሰጡት። ከሣቄ ጋር ታገልኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ሼህ ይማም መልእክት ላኩ። እሑድ ከሰዓት ግቢያቸው እንድገኝ። ሐሰንም ጌታቸውም ይመጣሉ። ከእኔ ጋር አፉ ሊያባብሉን ነው።

ሙሉ በደስታ ጋቢዬን አጥባ አሰጣችው። ለቅሬው፣ ለጎረቤቱ፣ ለእሷም ከብዷት ኖሯል። የሐሰን ሚስት ገበያ ላይ ስታያት መንገድ ትቀይርባት እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ። ለምን እስካሁን ዝም አልሽ አልኳት። ሥራህን እንዳትፈራ ብዬ ነው አለችኝ።

እኔም ደስ አለኝ። በጣም። ሐሰን ጠፍቶብኝ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 22፤ ጧት

እንቅልፍ ጥሩ ነበር። ስነቃ ግን አንድ ነገር ገባኝ።

ነገ ሾላ ገደል ላይ መሠረት ይቆፈራል። ዝናቡ ሳይከብድ ይውጣ ተብሏል። ሜትር ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ሐሰን ደግሞ በጠባብ ዋጋ ነው የገባው። ጠባብ ዋጋ የያዘ ሰው የሚቆጥበው ከማይታይ ቦታ ነው፤ ከመሠረት፣ ከብረት፣ ከሲሚንቶ ልክ። ዛሬ ዋንዛው ሥር አብሬው በልቼ፣ ተቃቅፌ፣ ተመርቄ፣ ነገ ይኼ ጉድጓድ አልጠለቀም፣ ድገመው ልለው? እለዋለሁ ብዬ እምላለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። አንዴ እሺ፣ ለዛሬ ይለፍ እላለሁ። ባለፈው ሥራውን የተቆጣጠርኩት ተቋራጭ ሁሌ ምሳ ይጋብዘኝ ነበር፤ ጣሪያው ላይ የነበረውን ጉድለት ያየሁት ምሳው ከቆመ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ያቆማቸው እኔን መኳረፋቸው ነው። እኔ ከመሃል ከወጣሁ ወደ ማሽናቸው ጠብ ይመለሱ ይሆናል። ይኼን ግን ለራሴ ማመካኛ እያደረግሁት ይሆናል፤ አላውቅም።

የሽማግሌ ጥሪ እምቢ ማለት ነውር ነው። አባቴ ቢሰማ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል። ለሙሉ ነገርኳት። ጋቢውን ከገመዱ አወረደች፣ አጠፈችው። ከዚያ ለብሰኸው ሂድና በአፍህ ንገራቸው፣ ሰው አትላክ አለችኝ።

ማታ 12 ሰዓት

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተዋል። ሐሰንና ጌታቸው ጎን ለጎን። እጅ ነሥቼ ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጥ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋኝ፤ አጠር አድርጌ ነው ያልኩት፦

«ሼሁ፣ አፉ ይበሉኝ። ከሐሰን ጋር የምታረቀው ጤና ጣቢያው ተሠርቶ ቁልፉን ስንረካከብ ነው። እስከዚያ ቂሙ ይቆይልኝ።»

ሽማግሌዎቹ አጉተመተሙ። አንዱ ትዕቢት ነው አሉ። ሼህ ይማም እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። እሺም እምቢም አላሉም። ምንጣፉ ላይ የተዘጋጀልኝን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ተዉት።

ልወጣ ዞርኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሐሰን ከኋላዬ ተናገረ። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ዓይኑ አሁንም መሬት ላይ፦

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትለካው?»

«በሁለት ሰዓት።»

ጉድጓዱ ይጠብቅሃል አለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።